የእንቦሳዋ ስድስት ሰዓት

ጀሞ ኮንዶሚኒየም አዲስ ቤት ወደገባ ዘመዱ የሄደ እንግዳ ድፎ ዳቦውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «እንቦሳ እሰሩ» ይላል። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እንቦሳው የት እንደሚታሰር የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም «አሜን» ብሎ ወደ ቡናው ይዞራል። ምርቃቱ ከአያቶች ጋር ከገጠር የመጣ ነው። ያኔ ቤት ሞላ የሚባለው በሶፋ ሳይሆን በላም ነበር፤ ላሟም ላም የምትሆነው አጠገቧ ጥጃ ሲታሰር ነበር።

እውነተኛ እንቦሳ የሚያስሩ ግቢዎች ከዚያ ፎቅ ብዙም ሳይርቁ አሁንም አሉ። በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በሐና ማርያም፣ በለቡ፣ በመካኒሳ ውስጥ ለውስጥ በማለዳ የሄደ ሰው ጆግና ጀሪካን የያዙ ሰዎች የቆርቆሮ በር ላይ ቆመው ያገኛል። በሩ ሳይከፈት ሽታው ይናገራል። ከተማው በአስፋልትና በፎቅ ዙሪያቸውን እያጠበበባቸው፣ በሦስትና በአራት ላም ሰፈሩን ወተት የሚያጠጡ ሰዎች ናቸው።

ከእነዚህ ግቢዎች በአንዱ ባለፈው ኅዳር አንዲት ጥጃ ተወለደች፤ በስድስተኛው ቀኗ ሞተች። ጥጃ ሞተች ብሎ ዜና የሚሠራ የለም። ነገር ግን ከመሞቷ በፊት ከአንገቷ ሥር የተቀዳው ትንሽ ደም ስለ ወተት ያወራነውን ብዙ ነገር መልሰን እንድናየው ያስገድዳል።

የግቢው ባለቤት ዕድሜያቸው ስድሳን ያለፈ እናት ናቸው። አምስት ላሞች አሏቸው፤ ሁሉም በሰፈሩ አጠራር «የፈረንጅ ላም» ናቸው፤ ጥቁርና ነጭ፣ ከሆልስታይን ፍሪዥያን የተዳቀሉ። ልጆቻቸውን ያስተማሩት በወተት ነው። ላሟ ትወልዳለች ተብላ የተጠበቀችው ከሳምንት በኋላ ስለነበር በዚያች ሌሊት የነቃ ሰው አልነበረም። በረቱ ጥግ የሚተኛው ሠራተኛ ሌሊት 8 ሰዓት ገደማ ላሟ ስታቃስት እንደሰማና መልሶ እንቅልፍ እንደወሰደው ኋላ ላይ አምኗል። ማለዳ 12 ሰዓት ሲነሳ ጥጃዋ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ተኝታ ትንቀጠቀጥ ነበር።

«ሴት ናት!» ተብሎ ግቢው ደስ አለው። ሴት ጥጃ የነገ ላም ናት። የተዳቀለች ጊደር ከገበያ መግዛት ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ደስታው ይገባዋል።

ከዚያ በኋላ የሆነው በብዙ ግቢ የሚሆን ነው። እናትየው ከእናታቸው የሰሙት ደንብ አላቸው፤ የእንግዴ ልጁ ሳይወርድ ግቷ አይነካም። የእንግዴ ልጁ የወረደው ከጠዋቱ 4 ሰዓት አካባቢ ነው። ያን ጊዜ ታለበች። ወፍራም፣ ቢጫ፣ የሚለጠልጥ እንገር። አብዛኛው ወደ ማድቤት ገባ፤ ላም ስትወልድ ለጎረቤት እንገር ማቅመስ ወግ ነው፤ ሳያቀምሱ መቅረት ያሳማል። ለጥጃዋ በሃይላንድ ጠርሙስ ግማሽ ሊትር የማይሞላ ተሰጣት። ሲበዛ ያስቀምጣታል ይባላላ!

በሦስተኛው ቀን ተቅማጥ ጀመራት። የእንስሳት ሐኪሙ በሞተር መጣ፤ ከቢሾፍቱ ተመርቆ ጥቂት ዓመት የሠራ ወጣት ነው።

«ዶክተርዬ፣ አንዲት መርፌ ብትወጋልኝ» አሉት።

«እወጋታለሁ እትዬ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ከተወለደች በስንት ሰዓቷ ነው እንገር የቀመሰችው?»

ሠራተኛውን አዩት፤ እሱ ደግሞ መሬት መሬት አየ። ሐኪሙ መልስ አልጠበቀም። ከጥጃዋ አንገት ትንሽ ደም ቀዳ፤ ደሙ እስኪረጋ ጠበቀ፤ ከላይ ከጠለለው ፈዛዛ ቢጫ ውሃ አንድ ጠብታ ወስዶ ሪፍራክቶሜትር የምትባል መሣሪያ ላይ አኖረ። መሣሪያዋ እንደ ትንሽ መነጽር በአንድ ዓይን ወደ ብርሃን የምትታይ፣ የማር ነጋዴዎችም ማር ውሃ መብዛት አለመብዛቱን ለማየት የሚጠቀሙባት ዓይነት ናት። ንባቡ በዴሲሊትር 4.2 ግራም ፕሮቲን አለ። ለብዙ ዓመት ሐኪሞች ዝቅተኛው ወሰን አድርገው የያዙት 5.2 ነው። እሱን የባሰ ያሳሰበው ሌላ ነገር ነበር፦ ተቅማጥ የሰውነትን ውሃ ስለሚያሟጥጥ ደሙን ያወፍረዋል፤ ስለዚህ ጥጃዋ ባትደርቅ ኖሮ ቁጥሩ ከዚያም በታች ይሆን ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ነውና።

የሰው ልጅ በማህፀን ሳለ ከእናቱ ደም በሽታ ተከላካይ ፕሮቲኖችን፣ አንቲቦዲ የሚባሉትን፣ በእንግዴ ልጁ በኩል ይቀበላል። ሲወለድ ስንቅ ይዞ ነው የሚወለደው። ላም እንዲህ አይደለችም። የእርሷ የእንግዴ ልጅ ምግብና አየር ያሳልፋል እንጂ በእናትና በጽንስ ደም መካከል ያለው ግድግዳ ድርብርብ ስለሆነ አንቲቦዲ አያሳልፍም። ስለዚህ ጥጃ ከማህፀን የምትወጣው ደሟ ባዶ ሆኖ ነው። ላሟ ስንቁን ያስቀመጠችው ሌላ ቦታ፣ እንገሯ ውስጥ ነው።

ነገሩ በሰዓት የተገደበ ነው። አዲስ የተወለደች ጥጃ አንጀት አንቲቦዲውን ሳይፈጭ እንዳለ ወደ ደም የሚያሳልፍ በር አለው። በሩ ከተወለደችበት ደቂቃ ጀምሮ መጥበብ ይጀምራል፤ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት ዋናዎቹ ናቸው፤ አንድ ቀን ሲሞላ በሩ ተዘግቷል ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ አንድ ባልዲ እንገር ብትጠጣ ሆዷን ይጠቅም ይሆናል፤ ደሟ ውስጥ ግን አይገባም። የራሷ የመከላከል አቅም እስኪጠነክር ሳምንታት ይፈጃል፤ እስከዚያ ያላት እንገር የሰጣት ብቻ ነው። ኮሊ ባክቴሪያ፣ ሮታ ቫይረስ፣ ክሪፕቶስፖሪዲየም በበረቱ ወለል ላይ ሆነው የሚጠብቁት ይህንኑ ክፍተት ነው።

መጠኑም አለ። ከክብደቷ አንድ አሥረኛ ያህል፣ ማለትም 30 ኪሎ የምትመዝን ጥጃ 3 ሊትር ገደማ፣ በእነዚያ የመጀመሪያ ሰዓታት መጠጣት አለባት። የሐና ማርያሟ ጥጃ ግማሽ ሊትር ያልሞላ የጠጣችው በስምንተኛው ሰዓቷ ነው።

ዕውቀቱ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1922 ቴዎባልድ ስሚዝና ራልፍ ሊትል የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ፕሪንስተን በሚገኘው የሮክፌለር ኢንስቲትዩት ክፍል አንዳንድ ጥጆችን እንገር ከልክለው፣ ሌሎቹን አጠጥተው አስተያዩ። ካልጠጡት አብዛኞቹ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ አንድ መቶ ዓመት አልፏል። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ የአሜሪካ ባለሙያዎች «አለፈ፣ ወደቀ» የሚለውን የአንድ ወሰን መለኪያ ትተው የጥጃን ደም በአራት ደረጃ ከፈሉት፤ ከአንድ በረት ጥጆች በዝቅተኛው ደረጃ የሚገኙት ከ10 በመቶ እንዳይበልጡ የሚል ግብም አስቀመጡ። እዚያ ክርክሩ ጥሩ ከሚባለው ውስጥ የተሻለው የቱ ነው የሚል ነው። እኛ ዘንድ መርፌ ይወጋልኝ ነው።

የአገራችንም ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ቢሾፍቱን በያዘው አድአ ሊበን ወረዳ፣ ለገበያ ወተት የሚያመርቱ አነስተኛ አርቢዎችን ጥጆች ተከታትሎ ነበር። የታመሙት 62 በመቶ፣ የሞቱት 22 በመቶ ሆኑ። ከበሽታዎቹ ቀዳሚው ተቅማጥ ነበር። ሞትን ከሚያብሱት ነገሮች ጎልተው የወጡት ደግሞ ሁለት ናቸው፦ የመጀመሪያውን እንገር ከተወለዱ ከስድስት ሰዓት በኋላ መቅመስና የጥጆች በረት ቆሻሻ መሆን። የሰዓት ጉዳይና የመጥረጊያ ጉዳይ። ከውጭ ምንዛሪ ጋር የሚገናኝ ነገር የለውም።

ስለ በረቱ ግን ፍርድ ከመስጠት በፊት የነፋስ ስልክን ግቢ ማየት ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። አዲስ የተወለደች ጥጃ ደግሞ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ካለው በታች ሲሆን ያላትን ጉልበት ሰውነቷን ለማሞቅ ማውጣት ትጀምራለች፤ እርጥብ ከሆነችና የተኛችው ባዶ ሲሚንቶ ላይ ከሆነ ይብስባታል። ብርድ ያደነዘዛት ጥጃ ተነስታ አትጠባም፤ ብትጠባም አንጀቷ አንቲቦዲውን የሚያስገባው ዘግይቶ ነው። ክረምት ሲመጣ ብርዱ ላይ ጭቃ ይጨመራል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ የላሞቹ ትንፋሽ ሌሊት ወደ ላይ ወጥቶ ንጋት ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ሌባ ስለሚፈራ መስኮቱ ተደፍኗል፤ የሽንቱ አሞኒያ የሰው ዓይን ያስለቅሳል፤ የጥጃን ሳንባ ደግሞ ያቆስላል።

እጠቡት ይባላል። በምን? ውሃ በፈረቃ ነው። የተቀመጠው በርሜል ለላሞቹ መጠጥ ይበቃ እንደሆነ ነው። በላፍቶ በኩል የሚያልፈው ትንሹ አቃቂ ቅርብ ቢሆንም ከፋብሪካና ከመጸዳጃ የተቀበለውን ይዞ ስለሚወርድ በረት ሊታጠብበት ቀርቶ ሊቀርቡትም አያስመኝም። ፍግ የሚደፋበት ቦታ ጠፍቷል፤ ድሮ የሚወስዱት የጓሮ አትክልተኞች ቦታቸው ቤት ሆኗል። ድርቆሽ ተወዷል፤ ፋጉሎና ፉርሽካ ተወዷል፤ ለጥጃ መኝታ የሚሆን ደረቅ ጭድ ማንጠፍ እንደ ቅንጦት ይታያል። እናም የጥጃዋ ደም ውስጥ የተነበበው 4.2 የአንድ ሠራተኛ እንቅልፍ ብቻ አይደለም። ግቢው ውስጥ የገባው ሁሉ፣ ያልገባውም ሁሉ፣ እዚያች ጠብታ ውስጥ ነበር።

ድሮስ? ድሮ ጥጃ አይሞትም ነበር ማለት ውሸት ነው። ግን አንድ የተለየ ነገር ነበር።

የሐበሻ ላም፣ ፎገራም ትሁን ሆሮ፣ ቦረናም ትሁን አርሲ፣ ጥጃዋን ካላየች ወተት አታወርድም። መጀመሪያ ጥጃዋ ትጠባለች፣ ከዚያ ይታለባል። ጥጃዋ ከሞተች ወተቱም ይቆማል። ለዚህ ነው በገጠር የሞተችን ጥጃ ቆዳ ገፈው ጭድ እየሞሉ ላሟ ፊት የሚያቆሙት፤ ላሟ ልሳ እንድትታለል። ነገሩ ያሳዝናል፤ ግን ውስጡ ጽኑ ሒሳብ አለ። አያት ጥጃዋን የሚጠብቋት ወተቱን ስለሚፈልጉ ነበር። እምቢታዋ ለጥጃዋ ዋስ ነበር። ደግሞ ጥጃዋ ሜዳ ላይ ከእናቷ ጋር ስለምትወለድ ማንም ሳያዘገያት ተነስታ እንገሯን ትጠባለች።

የፈረንጅ ደሟ እየበዛ የሄደች ላም ያንን እምቢታ ትታዋለች። ባልዲውን ስታይ፣ ፉርሽካው ሲቀርብላት፣ ወተቷ ይወርዳል። ለምርት የተመረጠችው ለዚሁ ነው፤ ጥፋት አይደለም። ውጤቱ ግን ጥጃዋ ዋሷን ማጣቷ ነው። በሐና ማርያሙ ግቢ ጥጃዋ በሞተች ማግሥት ማለዳ 12 ሰዓት ላሟ እንደ ወትሮው ታለበች፤ በሩ ላይ የቆሙት ሰዎች ጆጋቸውን ሞልተው ሄዱ። ከእነርሱ አንዱም ጥጃ መሞቷን አላወቀም። የሚያውቅበት መንገድም የለም። ጥጃዋ የምትጠጣው እያንዳንዱ ሊትር ያልተሸጠ ሊትር ሆኖ ሲታይ፣ ከላሟ ጎን የታሰረችው እንቦሳ በረከትነቷ ቀርቶ ተሻሚ ትሆናለች። ወንድ ከሆነማ ምንም አይነሳ።

የሚገርመው እንገር ይህ ሒሳብ እንኳ የማይሠራበት መሆኑ ነው። እንገር አይሸጥም። ሲፈላ ይረጋል፤ ወተት ተረካቢ አይቀበለውም። ለጥጃዋ ሦስት ሊትሩን ቢሰጧት ከኪስ የሚወጣ አንድ ብር የለም። ስለዚህ በዚያች ማለዳ ጥጃዋን የገደላት ስስት አልነበረም። እናትየው ለጎረቤቶቻቸው ሳይሰስቱ ያከፋፈሉት እንገር ነው ጥጃዋ ያጣችው።

ለሰው ልጅ እንገር ዘመቻ ተደርጓል። ለተወለደ ሕፃን ቅቤ ማላስ፣ የመጀመሪያውን ቢጫ ወተት «ቆሻሻ ነው» ብሎ አልቦ መድፋት የኖረ ልማድ ነበር። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሴቶቹን በየቤቱ እየላከ «እንገሩን አትድፊ፣ የመጀመሪያ ክትባቱ ነው» አስባለ። ዛሬ ብዙ እናት ይህንን በቃሏ ታውቃለች። የሐና ማርያሟ ባለ ላም እንኳ ልጃቸው ስትወልድ «እንገሩን ስጪው» ያሏት እርሳቸው ናቸው። ያው እንገር በጓሮ በኩል ሲመጣ የቁርስ ምግብ ሆነ። ትምህርቱ የመኖሪያ ቤቱን በር እንጂ የበረቱን አላንኳኳም።

ኅዳር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት ወተትን ከዕንቁላል፣ ከዶሮና ከማር ጋር የአገር አጀንዳ አድርጎታል። ጥሩ ነው። ወተት በቴሌቪዥን ዜና የሚወራበት ዘመን መምጣቱ በራሱ ቀላል አይደለም። ከዜናው ጎልቶ የሚሰማው ግን ስንት ላም ተዳቀለች፣ ስንት ጊደር ተከፋፈለች፣ ስንት ሊትር ተመረተ የሚለው ነው። በእነዚህ ቁጥሮች መካከል አንድ ቁጥር ይጠፋል፦ ከተወለዱት ስንቱ አደሩ?

የአድአውን 22 በመቶ ይዘን ብናሰላው፣ ከ100 ከተወለዱ ጥጆች ግማሾቹ ሴቶች ናቸው ብንል፣ 11 ጊደሮች ላም ሳይሆኑ አለቁ ማለት ነው። ለእያንዳንዷ የአዳቃይ ድካም፣ የዘጠኝ ወር እርግዝና፣ የእናቲቱ ቀለብ ወጥቶባታል። ጊደር ተገዝታ ልትተካ ትችላለች፤ ከብዙ ወጪ ጋር። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የአገሪቱ የእንስሳት ሀብት ማስተር ፕላን የግልገልና የጥጃን ሞት መቀነስን ከያዛቸው ጉዳዮች አንዱ አድርጎት ነበር፤ ስለዚህ ጉዳዩ ከባለሙያ ጠረጴዛ የተሰወረ አይደለም። ወረቀቱ ላይ አለ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ በረቱ ውስጥ ግን አልነበረም።

አንዲት ሪፍራክቶሜትር በየወረዳው ለሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ቢሰጥ አገር የሚያስከስር ዋጋ አይደለም። ጥጆች ከተወለዱ በሁለተኛው ቀን እስከ ሳምንታቸው ጠብታ ደም ቢታይ፣ የትኛው ግቢ ሌሊት እንደሚያንቀላፋ፣ የትኛው የእንግዴ ልጅ እንደሚጠብቅ፣ የትኛው ጥጃን እንደሚያበርድ ጥጃዋ ሳትሞት ይታወቃል። የሞተችን ጥጃ ቆጥሮ ሪፖርት ከማድረግ ይሄ ይሻላል። አሁን ሐኪሙ የሚጠራው ለመርፌ ነው፤ በባዶ ደም ላይ የሚወጋ ኦክሲቴትራሳይክሊን ደግሞ ያልጠጣችውን እንገር አይተካም። መድኃኒቱ በባክኑ ቁጥር ባክቴሪያው እየለመደው መሄዱ ሌላ ጣጣ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ከነፋስ ስልክ ራቅ ቢልም የዚያችኑ ባዶ ደም ነገር ነው። በዓለም ላይ ክትባት የሚሠሩና ሴል የሚያራቡ ቤተ ሙከራዎች ከሚፈልጓቸው ውድ ነገሮች አንዱ ገና ያልተወለደ ጥጃ የደም ውሃ ነው፤ ከታረደች እርጉዝ ላም ማህፀን ይወሰዳል። የሚፈለገው ሴል የሚያሳድጉ ነገሮች ስላሉበትና አንቲቦዲ የለውም በሚያሰኝ ደረጃ አነስተኛ ስለሆነ ነው፤ ቤተ ሙከራው ውስጥ የሚራባውን ቫይረስ የሚያጠቃ ነገር አይኖርበትም። ላቦራቶሪ ያንን ባዶነት በውድ ይገዛዋል። ሐና ማርያም ላይ ጥጃዋ በዚያው ባዶነት ሞተች።

ሐኪሙ በስድስተኛው ቀን ተመልሶ ሲመጣ ጥጃዋ በማዳበሪያ ጆንያ ተሸፍና በሩ አጠገብ ነበረች። እናትየው መርፌው ለምን እንዳልሠራ አልጠየቁትም። የጠየቁት ሌላ ነው።

«ያ የእንግዴ ልጅ ያልኩህ… እናቴ ተሳስታ ነበር ማለት ነው?»

ወጣቱ ትንሽ አሰበ። «የእርሳቸው ላም ሜዳ ላይ ነበረች እትዬ። ጥጃዋ ማንንም ሳትጠብቅ ራሷ ትጠባ ነበር። እርስዎ ግን አሰሯት።»

ሁለተኛዋ ላም የምትወልደው በጥር መጨረሻ ነው። ሠራተኛው ስልኩን ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ እንዲጮህ ሞልቶታል፤ የሰፈሩ ልጆች ይስቁበታል። ከአሮጌ ጣውላ የተሠራች ከወለሉ ከፍ ያለች መኝታ ጥግ ላይ ተቀምጣለች፣ ጭዱ ገና አልተገዛም። ሦስት ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ታጥበው መስኮቱ ላይ ተደፍተዋል። ጎረቤቶች ከአሁኑ ስለ እንገሩ ጠይቀዋል። «ዘንድሮ ከሁለተኛው አለባ ነው» ተብለዋል፤ አንዷ ቅር ብሏታል።